በዝርዝሩ ያልነበሩት

ያኔ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላኝም። ከአገሬ ርቄ፣ በረሃ መሀል ፋብሪካ በሚተከልበት ግቢ የጥበቃ ክፍሉ ጸሐፊ ነበርኩ። አለቃዬ ከውትድርና የተሰናበቱ ሻለቃ፣ የአገሬ ሰው ናቸው። ከውጭ አገር የመጣን ሠራተኞች፣ ሻለቃንና እኔን ጨምሮ፣ ስድሳ አራት ነበርን። ቀን ከጎደለ ይህን ሁሉ ሰው በሰላም የሚያስወጣ ዕቅድ ማውጣት የእኛ ሥራ ነበር።

ሐሙስ ሐሙስ፣ ልክ ማንኪያው አፍ ሊደርስ ሲል፣ ሻለቃ ፊሽካ ይነፋሉ። ሁሉም ምሳውን ጥሎ የውኃ ታንከሩ ሥር ይሰለፋል፤ እኔ ስም እጠራለሁ። የአገሬ ልጅ የሆነው ብረት በያጁ ብቻ ሳህኑን ይዞ ይመጣል።

“ሻለቃ፣ እኔ በባዶ ሆዴ አልሸሽም!”

“ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” ይሉታል ኮስተር ብለው። ወዲያው ግን ራሳቸው ሳቅ ያመልጣቸዋል።

ያቺ የቆርቆሮ ቢሯችን ዛሬም ዓይኔ ላይ አለች። ግድግዳው ሙሉ ካርታ ነው፤ ማራገቢያው እንደ ታመመ ሰው ያቃስታል። አመሻሽ ላይ መረብ ኳስ እንጫወታለን፤ አቧራውን ለማብረድ ውኃ ሲረጭ የሚመጣው የአፈር ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ ነው።

ከሁለቱ አውቶቡሶች የአንዱን ሾፌር “ቀስ በሉ” ነበር የምንለው፤ ሰው ሲጣደፍ ካየ ከአፉ ሌላ ነገር አይወጣም። የዚያው አገር ሰው ነው፤ ቋንቋውን ያስተማረኝም እሱ ነው። አንድ ቀን ዕቅዱን ስተይብ አጠገቤ ተቀምጦ ካርታውን ሲያይ ቆየና፣

“ወንድሜ፣ ይሄ መስመር የአየር ማረፊያው መንገድ ነው?” አለኝ።

“አዎ።”

“የምነዳውም እኔ ነኝ?”

“አንተ ነህ።”

“ካደረስኳችሁ በኋላስ? እኔ የት ነኝ? ሚስቴ፣ ልጆቼ የት ናቸው?”

ገጹን ገለበጥኩ፣ መልሼ ገለበጥኩ። የለም። ሾፌሮቹ፣ ወጥ ቤቶቹ፣ ጽዳቶቹ፣ አሥራ አንድ ቤተሰብ ከነጭራሹ አልተጻፈም። ኀፍረት ጆሮዬን አጋለው።

ለሻለቃ ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ። “ይሄን የጻፍኩት እኔ ነኝ?”

“እርስዎ ነዎት።”

በማግሥቱ ለዋናው መሥሪያ ቤት ጻፉ። “ከኃላፊነታችን ውጭ ነው” የሚል መልስ መጣ። ሻለቃ ደብዳቤውን አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱትና ቀስ በሉን አስጠሩ። አሥራ አንዱ ቤተሰብ ዘመድ ያለው የት እንደሆነ እየጠየቁ ካርታው ላይ ምልክት አደረጉ፤ የግቢውን ሚኒባስና የጭነት መኪና መደቡላቸው።

ከአራት ወር በኋላ፣ ማክሰኞ ጠዋት ቁርስ ላይ ሳለን፣ ከተማው ውስጥ ተኩስ እንደተከፈተና ዋናው መንገድ እንደተዘጋ በሬዲዮ ሰማን። ፊሽካው ተነፋ። ያን ቀን የሳቀ የለም፤ በያጁ እንኳ ባዶ እጁን መጣ። በሁለቱ አውቶቡሶች ሰው አስገብቼ ስቆጥር ራሴን ጨምሮ ስድሳ ሦስት። የጎደሉት ሻለቃ ናቸው።

ሚኒባሱ ውስጥ አገኘኋቸው። “ከተማ ገብቼ ቤተሰቦቹን ይዤ እመጣለሁ። ከአየር ማረፊያው በፊት ያለው ድልድይ ጋ አንድ ሰዓት ጠብቁ፤ ካልመጣሁ ሂዱ።”

“ዕቅዱ ላይ እኮ እርስዎ ከእኛ ጋር ነዎት!”

“ዕቅዱን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የማጥፈውም እኔው ነኝ” ብለው በሩን ዘጉ።

ቀስ በሉ በሚያውቀው ደረቅ ወንዝ ውስጥ ሁለተኛውን አውቶቡስ እያስከተለ ድልድዩ ጋ አደረሰን። አንድ ሰዓት አለፈ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ።

“የተባለው አንድ ሰዓት ነው፤ እንሂድ!” አለ አንዱ መሐንዲስ።

“ቀስ በሉ” አለ ሾፌሩ። ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። የሌላው አውቶቡስ ሾፌርም እንዲሁ አደረገ።

ሌላ ግማሽ ሰዓት ሲሆን ከሩቅ አቧራ ታየ። ሚኒባሱ ከፊት፣ የጭነት መኪናው ፍራሽና ሰው እንደ ተሸከመ ከኋላ። ሻለቃ ሸሚዛቸው በላብ ሰውነታቸው ላይ ተለጥፏል፤ የአንዱን ሠራተኛ ሕፃን ታቅፈዋል። የቀስ በሉ ሚስት ገና ሳትወርድ ባሏ ላይ ጮኸች፦

“እኚህ ሰውዬ ድስቴን እሳት ላይ አስጥለው አመጡኝ! ዕቃዬን ማን ይተካልኛል?”

ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ከሳቁ ጋር ያለቀሰም ነበር።

ቤተሰቦቹ በጭነት መኪናውና በሚኒባሱ ወደየዘመዶቻቸው መንደር ቀጠሉ፤ እኛም አየር ማረፊያ ደረስን። ቀስ በሉ አንድ በአንድ አቅፎ ሸኘንና ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ። ሥራው በዚያው ቆመ፤ ፋብሪካው ሳያልቅ ቀረ። ሻለቃን ዋናው መሥሪያ ቤት “ትእዛዝ ጥሰሃል” ብሎ አሰናበታቸው።

አሁን ሻለቃ፣ በያጁና እኔ የምንኖረው አንድ ከተማ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በያጁና እኔ እንጠይቃቸዋለን። በቀደም ዕለት፣ “ያን ቀን አልፈሩም ነበር?” አልኳቸው።

“እንዴት አልፈራም ልጄ!” አሉ። ቀጥለውም፣ “ግን ምን የመሰልን ሰዎች ነበርን፣ አይደል?” አሉ።

“እኔ ሳህኔን የጣልኩት ያን ቀን ብቻ ነው” አለ በያጁ። እስኪመሽ ድረስ የዚያን ግቢ ሰዎች እያነሳን እየጣልን ተቀመጥን።