የዳኛ ሚልክያስ ስብከት

ሚልክያስ በአርባ ስምንት ዓመቱ ዳኝነቱን ትቶ መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሲገባ ናቅሁት። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ችሎት ተሰይመናል፤ እሱ መሃል፣ እኔ በቀኙ። የሶዶ ጠበቃ ሁሉ የሚፈራው ሰው፣ ልጆቹ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች ጋር ደብተር ይዞ መሄድ ጀመረ። በግሪክኛ ፈተና ከሠላሳው ዘጠኝ ብቻ አመጣ ሲባል ቢሮ ውስጥ ሳምንት ሙሉ ተሳቀ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ባለቤቱ ሰናይት ነርስ ናት። አንድ ቅዳሜ ቤቴ መጣች።

«ጋሽ በኃይሉ፣ እርስዎን ይሰማል። ነገ ገሱባ ከተማ፣ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሰብከው፤ ኮሌጁ ለልምምድ መድቦታል። አብረን እንሂድና ተመለስ ይበሉልኝ።»

«ለምን እንደተወው ነግሮሻል?»

«እግዚአብሔር ጠራኝ ይላል። ሌላ አይናገርም።»

ሄድኩ። ልመክረው ሳይሆን ሲዋረድ ላየው። በኮረኮንቹ መንገድ ተንገጫግጨን ስንደርስ ስብከቱ ተጀምሯል። አሥራ አራት ዓመት ሶዶ ኖሬ ወላይትኛ አልሰማም፤ ችሎት ላይም በአስተርጓሚ ነው የምሠራው። መጥፎ ሰባኪ መሆኑን ለማወቅ ግን ቋንቋ አላስፈለገኝም። ከወረቀት እያነበበ ይንተባተባል፤ ወጣቶቹ ስልካቸውን ይነካካሉ። ደስ አለኝ።

ድንገት ከኋላ አንድ ቀጭን ሰው ተነሣ። ወዲያው አወቅሁት። ጩማ ነው፤ የወንድምህን ቤት አቃጥለሃል ብለን ሰባት ዓመት የፈረድንበት ገበሬ። ረጋ ብሎ ተናገረ። ሰናይት በጆሮዬ ተረጎመችልኝ።

«‹ያን ቀን ያልኩትን አንተ ሰምተሃል፤ ቋንቋችን አንድ ነው› ይለዋል።»

ሚልክያስ ወረቀቱን አጠፈና መለሰለት።

«ምን አለ?» አልኳት።

«‹ሰምቻለሁ› አለ። ‹ቤቱ ሲቃጠል ዲምቱ ከተማ ለቅሶ ላይ እንደነበርክ፣ የሚመሰክሩልህን ሰዎች በስም እየጠራህ ተናግረሃል። አስተርጓሚው «አላደረግኩም ይላል» ብሎ አሳጠረው። የምሳ ሰዓት ደርሶ ስለነበር ዝም አልኩ› አለ።»

ጩማ ወጥቶ ሄደ።

ሰዉ ሲበተን ሚልክያስን ግቢው ውስጥ ያዝኩት።

«ስለዚህ ነው የሸሸኸው?»

«ከእስር እንደወጣ ገበያ ውስጥ አየሁት። ከዚያ ወዲህ ወንበሩ ላይ መቀመጥ አቃተኝ።»

«ፈሪ ነህ። ይህን መናገር የነበረብህ ለፍርድ ቤት እንጂ ለምእመን አልነበረም። አንተ ቀለለህ፤ እሱ ዛሬም ወንጀለኛ ነው።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። «ልክ ነህ» አለኝ ብቻ። ይህም አበሸቀኝ።

ሰኞ ጠዋት መዝገብ ቤቱ ፊት ለፊት ከባለጉዳዮች ጋር ተሰልፎ አየሁት። የዳኞቹን በር ያውቀዋል፤ አልገባበትም። የምስክርነት ቃሉን ጽፎ ይዟል። ጩማ ከጎኑ ቆሟል። አይነጋገሩም።

ጉዳዩ እንደገና ሲታይ እኔም ለምስክርነት ተጠራሁ።

«ተከሳሹ ብዙ ተናግሮ ትርጉሙ አጭር መሆኑን አስተውለው ነበር?» ተባልኩ።

አስተውዬ ነበር። እንዲያውም ቶሎ በማለቁ ደስ ብሎኝ ነበር።

«አላስታውስም» አልኩ።

ሚልክያስ ከኋላ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። አንገቱን ደፋ።

የዲምቱ ሰዎች መጥተው መሰከሩ፤ ጩማ ነፃ ተባለ። ሚልክያስ እጁን ሲዘረጋለት ግን አልጨበጠውም። ኮሌጁም በዚሁ ጉዳይ ሚልክያስን ለአንድ ዓመት አገደው። ሰናይት መጀመሪያ እናቷ ቤት ሄደች፤ ከሁለት ወር በኋላ ተመለሰች።

እኔ አሁንም ዳኛ ነኝ። ሚልክያስ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ቀድሞ ሰላም ይለኛል። እኔ ስልኬን አውጥቼ የምነጋገር መስዬ አልፋለሁ።