ከደሴቲቱ የመጣው ቃል

አምባው ኮምፒዩተርን ያወቀው አንዱ ማሽን አንድ ክፍል ሙሉ በሚይዝበት ዘመን ነው። አዲስ አበባ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ በተበሳ ካርድ ማሽን ማዘዝን ተማረ። በፈረንጆቹ 1991 በአውሮፕላን እስራኤል ሲገባ ጎልማሳ ነበር፤ ጥቂት ጊዜ መጋዘን ሲጠርግ ቆይቶ ርሖቮት ውስጥ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ቀጠረው። ከሥራው በፊት የነበረ ፍቅሩ ግን ሰው ከሩቅ አገር ሰው ጋር የሚነጋገርበት ሬዲዮ ነው። በደርግ ጊዜ በግል ሬዲዮ ማውራት ቀርቶ ማሰቡም ያስፈራ ስለነበር ዝም ብሎ ያዳምጥ ነበር። እዚህ ፈተና ወስዶ ፈቃድ ሲያገኝ ኦሺዮት በሚባለው ሰፈር ባለው ሕንፃቸው ጣሪያ ላይ ሽቦውን ዘረጋ። ጎረቤቶቹ ቴሌቪዥናችንን ያበላሽብናል ብለው አጉረመረሙ፤ ኋላ ተዉት።

ልጁ ሊኦርም ፕሮግራመር ነው። «አባ፣ ኢንተርኔት እያለ በዚህ ጫጫታ ውስጥ ምን ትፈልጋለህ?» ይለው ነበር።

«በኢንተርኔቱ መሃላችን ብዙ ሰው አለ፤ ኩባንያው፣ መሥመሩ፣ መብራቱ። በዚህኛው እኔ አለሁ፣ ያ ሰውዬም አለ» ይላል አምባው። ሊኦር ይስቃል።

በፈረንጆቹ 2004 መጨረሻ የህንድ ውቅያኖስ ተነሥቶ የባሕር ዳሩን አገር ሁሉ ሲጠርግ፣ ከአምባው በላይ ያለው ቤት ጭንቅ ገባው። የላይኛዋ ጎረቤት የዘቢደር ልጅ ኤፍራት ጻባ፣ የጦር አገልግሎቷን፣ ጨርሳ፣ አብራት ካገለገለችው ጓደኛዋ ከናታሊ ጋር ለሽርሽር ወጥታ፣ ከህንድ ጠረፍ ርቃ ባለች አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ነበረች። ስልኩ ሞቷል። የመንግሥት ሰዎች ሲጠየቁ «ጠብቁ» ነው መልሳቸው። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ዘቢደር ወርዳ የአምባውን በር አንኳኳች። ፊቷ ከስቷል።

«ጋሼ አምባው፣ ያ ማሽንዎ እስከዚያ ይሰማል አሉኝ። እውነት ነው?»

«አንዳንዴ ይሰማል። ተስፋ ልሰጥሽ አልችልም እንጂ እሞክራለሁ።»

ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ተቀመጠ። ደሴቲቱ ላይ አንድ ሰው በመኪና ባትሪ ሬዲዮ ከፍቶ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ የተጠለሉትን ሰዎች ስም እያነበበ መሆኑን ሌሎች የሬዲዮ ሰዎች ሲነጋገሩ ሰማ። የሰውዬው ድምፅ ግን ርሖቮት ሲደርስ ከነፋስ አይለይም። በመጨረሻ ደቡብ ህንድ ያለ አንድ ጡረተኛ መምህር የሁለቱንም ወገን መስማት እንደሚችል ነገረው። አምባው የኤፍራትን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በፊደል ሰጠው። መምህሩም «ነገ ከቀትር በኋላ ተመለስ» አለው።

በማግስቱ ሊኦር አጠገቡ ቆሞ ነበር። የመምህሩ ድምፅ እየሄደ እየመጣ አንድ አንድ ቃል ሰጠ። «ኤፍራት በሕይወት አለች።» ሊኦር አባቱን ትከሻው ላይ ሳመውና ወደ ክፍሉ ሮጠ። አምባው ግን እጁን ከጆሮ ማዳመጫው አላነሣም፤ መልእክቱ አላለቀም ነበር። ቀሪውን ሁለት ጊዜ አስደገመው።

«እግሬ ቆስሏል። ናታሊን ውኃው ከእጄ ወሰዳት። እየፈለግኋት ነው፤ ሳላገኛት አልመጣም። ለእናት ለአባቷ ሰው ሄዶ ይንገርልኝ። በስልክ አይሁን።»

አምባው ለመምህሩ «ደርሶኛል» አለውና ማዳመጫውን አወለቀ። ከዚያ ወደ ላይ ወጣ።

ዘቢደር «አለች» የምትለውን ቃል ስትሰማ እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ ፊቱን አየችና ተወችው። «ናታሊስ?»

ነገራት። ዘቢደር የሻሿን ጫፍ አፏ ውስጥ ከትታ ነከሰችው። ልጇ በመዳኗ ልትደሰት አፈረች። «ለእናቷ ለገበያነሽ ማን ይንገራት? እንዲህ ያለ ነገር የምትሰማበት ልብ አላት እንዴ?»

«እኔ እሄዳለሁ» አላት።

የናታሊ ወላጆች፣ መኩሪያና ገበያነሽ፣ መዝከረት ባትያ ነው የሚኖሩት፤ በመኪና ሩቅ አይደለም። መኪናውን ሊኦር ነዳ። ከሄርዝል ጎዳና እንደወጡ አምባው የሰማውን ሁሉ ለልጁ ነገረው። ሊኦር ፍጥነቱን ቀነሰ።

«አባ፣ እኔ እኮ ጻፍሁት።»

«ምኑን?»

«የጠፉት ሰዎች ስም ያለበት የኢንተርኔት ገጽ አለ። ኤፍራት ተገኝታለች ብዬ አስገባሁ። ሰው ሁሉ ይጨነቃል ብዬ ነው። የናታሊ ስም ከሥሯ ነው ያለው፤ ጠፍታለች እንደተባለ ነው። ተመልሼ ላጥፋው?»

አምባው በመስኮቱ የብርቱካኑን እርሻ አየ። «ያየ ሰው አይቶታል። ንዳ፣ ያላ።»

ሲደርሱ መኩሪያ ከግቢው በር ውጭ ቆሞ ነበር፤ ስልኩን በእጁ ጨብጧል። ልጁ ቶመር ገጹን አይቶ ከጦር ሰፈሩ ደውሎለታል። ከመኪናው የወረደው ማን እንደሆነ ሲያይ በአጥሩ ተደገፈ።

«ጋሼ አምባው፣ ኤፍራት ተገኘች ይላሉ። ስለ እኔዋ ተገኘች የሚል የለም። እርስዎ ደግሞ ዝም ብለው እዚህ ድረስ አይመጡም።»

አምባው አቅፎት ሳይለቀው ነገረው። ከሰማው አልጨመረም፣ ከሰማው አልቀነሰም። ሞታለች አላለም፤ ትገኛለች ብሎም አላጽናናውም። ገበያነሽ ከውስጥ ወጥታ የባሏን ፊት ስታይ ማንም ምንም ሳይላት መሬት ላይ ተቀመጠች። ሊኦር ከመኪናው አልወረደም ነበር፤ ኋላ ወርዶ ውኃ አመጣላት፣ አጠገቧም ተንበረከከ። «ይቅርታ አድርጊልኝ እታባ፣ እኔ ነኝ የጻፍሁት» አላት። የሰማችው አይመስልም። እጁን ግን ይዛ አልለቀቀችም።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ መኩሪያ ራሱ ኦሺዮት መጣ። ከሬዲዮው ፊት ወንበር አስጠግቶ ያን ሁሉ ጩኸትና ፉጨት ማንንም ሳይጠይቅ አዳመጠ። የህንዱ መምህር ድምፅ ሲመጣ አምባው «የናታሊ አባት እዚህ ነው» አለው። መምህሩም «ምን ልንገርለት?» አለ።

መኩሪያ ወደ አምባው ዞረ። «ለኤፍራት ይንገሩልኝ። ይብቃሽ በሏት። ያንቺ ጥፋት አይደለም፤ እጇን እስከቻልሽ ይዘሻት ነበር። እግርሽ ሳይበላሽ ወደ እናትሽ ግቢ። ልጄን የምፈልጋት እኔ ነኝ፣ እኔ አባቷ።»

አምባው ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው ድምፁ ተሰበረበት፤ መምህሩ «ድገመው» አለውና ደገመለት።

ኤፍራት በዚያ ሳምንት በመርከብ ወጣች። የናታሊ አስከሬን ከብዙ ቀን በኋላ ተገኝቶ ቶመርና አባቱ ሄደው አመጡት፤ መዝከረት ባትያ ተቀበረች።

ቀብሩ እንዳለፈ ሊኦር አባቱን «ያን ገጽ የሠራው ሰው ሊረዳ ብሎ ነው። እኔም ልረዳ ብዬ ነው። ታዲያ የት ላይ ነው የተሳሳትነው?» አለው።

አምባው እንዲህ አለው፦ «ዕድሜዬን ሙሉ ለፍጥነት ነው የሠራሁ። አንድ ነገር ቶሎ ከደረሰ ሥራዬ አለቀ እል ነበር። ፕሮግራም ስንጽፍ ተቀባዩ ሌላ ማሽን ነው፤ ዝግጁ ነኝ ይልሃል፣ ትልክለታለህ። ሰው ዝግጁ ነኝ አይልም። ሄደህ ፊቱን ማየት አለብህ። ይህንን ደግሞ እኔ አላስተማርሁህም፤ አያቶችህ ያውቁት ነበር።»

«ሬዲዮህም እኮ ማሽን ነው።»

«ነው። እሱም እስከ ጆሮዬ ብቻ ነው ያደረሰው።»

የሰባቱ ቀን ሐዘን፣ ሺቫው፣ ሳያበቃ ኤፍራት በክራንች እየተደገፈች ከእናቷ ጋር መዝከረት ባትያ ሄደች። አምባውም ግቢው ውስጥ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ ነበር። ልጅቱ በሩ ድረስ መጥታ ቆመች፤ እናቷ ብትገፋፋትም መግባት አልቻለችም። ገበያነሽ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ በባዶ እግሯ ወጣች፣ የልጅቱን ክራንች ከብብቷ ወስዳ አጥሩ ላይ አስደገፈችው፣ በራሷ ትከሻም ደግፋት ወደ ውስጥ አስገባቻት።