«እኔ ነኝ» የሚል ሁሉ

እና ደግሞ ቆጠራው ይቀንሳል፣ ቺፗ ከቀዘቀዘች ወዲህ ሳምንት በሳምንት ይቀንሳል፣ ጨለማ ቁስ አይቀንስም፣ ዓለሙን ሞልቶ ሳይታይ የኖረ ነገር አሁን ምን ቆርጦት ያንሳል። ላፕቶፑ ጭኔ ላይ ይሞቃል። ቺፗ ያለችበት ማሽን ባሕር ማዶ ተራራ ሥር ተቀብሯል፣ እኔ ቡራዩ፣ የአከራዬ የአዴ ኤቢሴ ሰርቪስ ቤት። ጥፍር የምታህል ሲሊከን፣ በረዶ የሚያስንቅ ቅዝቃዜ፣ የጨለማ ቁስ ቅንጣት ገጨት አድርጓት ቢያልፍ አንዲት ኤሌክትሮን ታፈናጥራለች፣ እሷን እንቆጥራለን፣ ከጠበቅነው በላይ ቆጠርን፣ ዮኒ በደስታ አበደ። የቡድናችን መሪ። ጣቢ ግራፉን ላኪው እንጂ፣ ዛሬ ከሰዓት ጉባኤው ላይ አገኘን ልላቸው ነው፣ ስምሽ ከስሜ ይቀድማል፣ ፈታ በይ በቃ ዶክተር ሆነሻል። እማዬ ከሰበታ ስትደውል፣ የምትፈልጉት ነገር ምን ይመስላል፣ አይታይም እማዬ፣ አይ የኔ ልጅ፣ የማይታይ ነገር ስትፈልጊ አረጀሽ እኮ።

በሩ ይንኳኳል።

ማነው? እኔ ነኝ።

አዴ ኤቢሴ ናቸው፣ አካም ቡልቴ ጣቢ፣ እንዴት አደርሽ፣ ውኃ መጥቷል፣ ባልዲሽን አውጪ፣ ነጋ አዴ፣ ደህና፣ መጣሁ። እዚህ አገር ስሙን የሚናገር የለም፣ እኔ ነኝ ይላል፣ እኛም እንከፍታለን፣ ባለፈው እሳቸው መስለውኝ በሌሊት ልብስ ብቅ ስል ቆጣሪ አንባቢው ሆኖ ቁጭ፣ ኩም አልኩ።

ኤሌክትሮኗም ሌላ አትናገርም። ብርሃን ሾልኮ ቢገባ እኔ ነኝ፣ ሙቀት እኔ ነኝ፣ ቺፗን የያዘው ሙጫ በብርዱ ተጨምቆ ኖሮ ቀስ በቀስ ሲለቅ፣ እኔ ነኝ። ሙጫው እየለቀቀ ሲሄድ ማንኳኳቱም ያንሳል። ልክ እንደኔ ግራፍ። ሳምንታቱን ደምሬ አንድ አድርጌ ብልከውስ፣ መቀነሱን ማን ያያል፣ ዛሬ ማንም አያይም፣ ዶክተር ጣቢታ፣ እማዬ እልል ትላለች። ከፍቶኛል፣ በጣም ከፍቶኛል፣ ምን እዋሻለሁ። ስንት ዓመት ለሙጫ።

በየሳምንቱ የተከፋፈለውን ግራፍ ላክሁ።

ባልዲው ቧንቧ ሥር፣ ስልኩ ይጮኻል፣ ሄሎ ጣቢ፣ እኔ ነኝ።

እኔ ማን?

ዮኒ ነኛ፣ ምን ነካሽ፣ ምንድነው የላክሽልኝ፣ ለምንድነው የሚወርደው፣ ሲገባው ይሰማኛል፣ ኧረ ጣቢ፣ ኧረ በናትሽ፣ አታቅርበው ዮኒ፣ እኔ ነኝ ሲል የከረመው ሙጫው ነው።