የሰዓቱ ዋስ

ሰው ሁሉ «ምስጋናው መቀመጫ የለውም» ይለኛል። እውነቱን ነው። የምስር ነጋዴ ነኝ፤ ከወገዳ መካነ ኢየሱስ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወገዳ ስል ነው የምኖረው። እንዲህ ያለ ሰው የቅኔ መምህር ልጅ ሲወድ ይታያችሁ። የሐረገ ወይን አባት የኔታ ማቴዎስ ጠዋት ከወንበራቸው ከተቀመጡ እስከ ማታ ንቅንቅ አይሉም።

ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ልባቸውን ላለሳልስ ብዬ፣ ሚሊዮን ከሚባል መካነ ኢየሱስ ካለ ሰዓት ሻጭ አንድ የድሮ አውቶማቲክ ሰዓት ገዛሁላቸው። ባትሪ የለውም፤ እጅ ሲንቀሳቀስ ውስጡ ያለች ክብደት እየዞረች ሞላውን ታጠብቀዋለች።

«የስድስት ወር ዋስትና አለው፣ የኔታ» አልኳቸው ሳስረክብ።

«ዋሱ ማነው?»

ቢበላሽ ሱቁ ይጠግነዋል ማለት እንደሆነ ማስረዳት ነበረብኝ። በእኛ አገር ግን ዋስ ሰው ነው፤ ስም ያለው፣ ቤቱ የሚታወቅ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ «እኔ ነኛ!» አልኩ።

ሳምንት ሳይሞላው ቆመ። ሐረገ ወይን ገበያ መሐል አገኘችኝ።

«ያ ሰዓትህ ቁሟል። አባቴ ‹ዋሱን ጥሩልኝ› ይላሉ። ‹ለሰዓት ዋስ መሆን ያቃተው ልጄን ምን ብሎ ይጠይቀኛል› ብለዋል።»

«ምን ነክተውት ነው?»

«ምንም። እጃቸውን ከጋቢያቸው መች ያወጡና!»

በማግስቱ ሰዓቱን ተቀብዬ በመጀመሪያው መኪና ወደ መካነ ኢየሱስ ተሳፈርኩ። ሾፌሩ በየመንደሩ ሰው ለመጫን በቆመ ቁጥር ወርጄ ልገፋው ምንም አልቀረኝ።

ሚሊዮን የሰዓቱን ጀርባ ከፍቶ በማጉያ መነጽሩ አየው። «ክብደቷ የምትዞርበት ዘንግ ተበልቷል። እየተንገዳገደች ሞላውን በግማሽ ብቻ ነው የምታጠብቀው።»

«በዋስትናው ቀይረዋ!»

«ዋስትና ለተሰበረ እንጂ ለተበላ አይሆንም። ዕቃውም አይገኝ፤ ፋብሪካው ይህን መሥራት ካቆመ ቆየ።»

ደሜ ፈላ። ጠረጴዛውን መታሁት። ሚሊዮን ግን ክፉ ሰው አይደለም፤ ቁርጥ ያንኑ የመሰለ ባለ ባትሪ ሰዓት አወጣና «ይኸን ውሰድ። ሽማግሌው አይለዩትም» አለኝ።

በእውነት አይለዩትም ነበር። ይዤው ከበሩ ደርሻለሁ። ግን ዋስ የሆነለትን ሰው ራሱን ያቀርባል እንጂ ወንድሙን አያቀርብም። ሐረገ ወይንን በማታለል ባገኛት ዕድሜ ልኬን አባቷን ቀና ብዬ ማየት አልችልም። ተመልሼ ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩለት። እሱም አሮጌውን ጠራርጎ ዘይት ነካ ነካ አደረገው።

«ለሚሯሯጥ ሰው ይሠራል፤ ለሚቀመጥ ሰው ግን አይሆንም» አለኝ።

በእኔ እጅ ላይማ ወገዳ እስክገባ ዝንፍ አላለም። በማግስቱ ጠዋት ለየኔታ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። «ዘንጉ አልቋል፣ የኔታ። በእርስዎ እጅ እምቢ ይላል፤ በእኔ እጅ ግን ይሄዳል።»

«አንተ ስትሮጥ ነዋ።»

«አዎ።»

«ልጄስ? አንተ ስትሮጥ እሷ ከማን ጋር ትኖራለች?»

ሐረገ ወይን ጓዳው በር ላይ ቆማ እሷም መልሴን ትጠብቃለች። አፈርኩ።

«በል ተቀመጥ» አሉኝ መደቡን እያሳዩ። «ሰዓቱ እጅህ ላይ እስኪቆም ተቀመጥ። ከዚያ እንነጋገራለን።»

ተቀመጥኩ። እግሬ በገዛ ፈቃዱ መሬቱን ይመታ ጀመር። የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ገበያ ያመለጠኝ ይመስለኛል። «ቆመ ወይ?» እያልኩ እጄን አንሥቼ አያለሁ።

«እሱን እያነሣህ ስታወዛውዘው እንዴት ይቁም?» ብለው ሳቁብኝ የኔታ። ጋቢ ሰጡኝ፤ እጄን ከተትኩ።

ከቀትር በኋላ ሐረገ ወይን ምስር ልትለቅም ሰፌዷን ይዛ አጠገባችን ተቀመጠች። ቀና ሳትል «የጠዋቱን ጥያቄ አባቴ አይደሉም ያመጡት» አለችኝ። «እኔ ነኝ። ይኸው ስንት ጊዜ ልነግርህ አስቤ፣ አንድ ቀን ተቀምጠህ ሰምተኸኝ ታውቃለህ?»

«አሁን ንገሪኝ» አልኳት።

ነገረችኝ። ገበያ ሄጄ ስዘገይ መንገዱን እያየች እንደምትሠጋ፣ የሩቅ መንገደኛ ሚስት ሆኖ ማርጀት እንደሚያስፈራት፣ አብራኝ መነገድ ግን እንደምትፈልግ ነገረችኝ። አብራኝ! ይህን ከቶ አስቤው አላውቅም ነበር። ጠየቅኳት፤ መለሰችልኝ፤ ደግሜ ጠየቅኳት።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አሉ የኔታ።

እጄን ከጋቢው አወጣሁ። ፀሐይ ልትገባ ነው፤ ሰዓቱ ስምንት ከሩብ ላይ ቆሟል። መቼ እንደቆመ አላየሁም።

የኔታ ልጃቸውን አዩ፤ እሷ አንገቷን ደፋች።

«ሽማግሌ ላክ» አሉኝ።

ዘልዬ ተነሣሁ።

«ነገም ይደርሳል» አለች ሐረገ ወይን። «ገና ያልነገርሁህ አለ።»

ተመልሼ ተቀመጥኩ።