ወንዙ ዜሮ የሆነበት ጠዋት

0

«እማዬ፣ ዝናቡ እየጣለ ወንዙ እንዴት ደረቀ?»

ጥሩአየሁ ልጇን እንዳዘለች ነው የጠየቀችው። እናቷ ይታይሽ ወደ ድልድዩ ወረደች።

7

ከየክፍሉ በላይ የሰፈረው ቁጥር ከይታይሽ ደብተር የተወሰደ ነው። ከወረዳው የመጣ የውሃ ባለሙያ ድልድዩ ሥር የቆመውን መለኪያ እንጨት ጠዋትና ማታ እንድታነብ አደራ ሰጥቷት ነበር፤ በጎልማሶች ትምህርት ቁጥር የለየች ከመንደሩ እሷ ብቻ ናትና። በዋዜማው ማታ ሰባት ብላ ጽፋለች።

«ስምንት ካለፈ ጎርፍ ነው፤ ይጩኹ» ብሏታል።

ወደ ታች ከወረደስ? አልነገራትም። እሷም ብጠይቅ አላዋቂ እባላለሁ ብላ ፈራች።

0

ጎህ ሲቀድ ከተራራው በኩል ነጎድጓድ የመሰለ ድምፅ ተሰምቶ ነበር። ከዚያ ወንዙ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ

ጠፋ።

ይታይሽ ቁጥሩን ጻፈችና ላገኘችው ሁሉ ተናገረች፦ «ዜሮ ነው!» መንደሩ ደስ አለው። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ የሚያፈርሰውን የመስኖ ጠለፋ፣ ውሃውን ወደ ማሳ የሚመልሰውን የድንጋይ ግድብ፣ ለመጠገን ከዚህ የተሻለ ቀን ከየት ይመጣል? የጥሩአየሁ ባል አስራት አምስት ጓደኞቹን አስከትሎ ወንዙ ሆድ ውስጥ ገባ። ጥሩአየሁም ድንጋይ ልታቀብል ተከተለችው።

0

ረፋድ ላይ አንዲት ሴት ላሞቿን እያካለበች ከላይ መጣች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት ይታይሽ።

«ተራራው ተንዶ ወንዙ ላይ ተኛበት! ከበስተኋላው ባሕር ሆኗል፤ ቤቴን ውጦታል!»

ውሃው አልደረቀም።

ቆሟል።

0

ወንዙ ውስጥ የተባባሉት ይህ ነው፦

ይታይሽ፦ ውጡ! እባካችሁ ውጡ! ውሃው ከላይ ታቁሯል፤ መምጣቱ ነው!

አስራት፦ እትዬ፣ ጠዋት ዜሮ ያሉን እርስዎ አይደሉም እንዴ?

ከጓደኞቹ አንዱ፦ ፊደሉ ናላቸው ላይ ወጣ!

(ሳቅ)

ይታይሽ፦ ጥሩዬ፣ በጠባሽው ጡት ይዤሻለሁ!

ጥሩአየሁ፦ አስራትዬ፣ እንውጣ።

አስራት፦ አንቺ ልጅቷን ይዘሽ ሂጂ። ይቺን ድንጋይ ላስገባና እመጣለሁ።

ቁጥር የለም

ይታይሽና ልጇን ያዘለችው ጥሩአየሁ ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ ምድር ተንቀጠቀጠች። የመጣው ውሃ አይመስልም ነበር፤ ጭቃ ነው፣ ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ ነው፣ ቤት የሚያህል ቋጥኝ ነው። ድልድዩን ከነመለኪያው ጠራርጎ ወሰደው።

ጥሩአየሁ ዞራ ጠራች።

አስራት።

አስራት።

አስራትና አምስቱ ጓደኞቹ አልወጡም።

ቁጥር የለም

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ዛሬ ብትሄዱ ሸለቆው አሁን ባለው መልኩ የተፈጠረ ይመስላችኋል። ወንዙ የዱሮ መንገዱን ትቶ በማዶው ተራራ ሥር ይሄዳል። የነጥሩአየሁ ማሳ የነበረው ቋጥኝ በቋጥኝ ነው። ከላይ ውሃው የታቆረበት ቦታ ደለል ሞልቶት ሜዳ ሆኗል፤ ሣር አብቅሏል።

ቁጥር የለም

በአርባው ማግስት ጥሩአየሁ ልጇን አዝላ ወደ ከተማ ሄደች። ከደጃፉ ስትወጣ፣ ዜሮ ብላ ላበሰረቻቸው እናቷ የተናገረችው ይኸው ባዶ መስመር ነው፦

 

 

ይታይሽ እዚያው ቀረች።