የተጎተተው እልልታ

እልልታውን ስምንት እጥፍ ሳዘገየው ከወንበሬ ተነሣሁ። ቁጭ ማለት አልቻልኩም።

ስንት ሳምንት የፈለግኩት ድምፅ ነው። ከአክስቴ ልጅ ከእታለም ሠርግ በስልኬ የቀዳሁትን እልልታ ላፕቶፑ ላይ ጎተትኩት፣ ቅጥነቱን ወደ ታች አወረድኩት፣ ከዚሁ ከቡሬ ወፍጮ ቤት ሞተር ድምፅ ጋር ደራረብኩት። ያ ቀጭን ድምፅ ወፈረ፤ እየተንቀጠቀጠ ከመሬት ሥር የሚወጣ መሰለ። ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተምሬ ቤት ብቀመጥም ሞገድ ሲለጠጥ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ይህን ግን አልጠበቅኩም።

ናይሮቢ ያሉ ልጆች እንግዳ ድምፆችን ከየአገሩ ሰብስበው በኢንተርኔት አልበም ሊያወጡ ነው። መላኪያው ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ አሁን አሥር አልፏል። ለምልከው ሥራ መጨረሻ ብቻ ነበር የጎደለኝ፤ ይኸው ተገኘ። ቤቱም ባዶ ነው። እታለም ልትወልድ ስለተቃረበች ለመታረስ እኔም ወደምኖርበት እናቷ ቤት ገብታለች፤ ዛሬ አክስቴ ስመኝ ለክትትል ጤና ጣቢያ ወስዳታለች። እነሱ ካሉ ድምፅ ከፍ ማድረግ ክልክል ነው። ስለዚህ ማጉያውን እስከ ጥጉ ከፈትኩት።

ለሁለተኛ ጊዜ ሳሰማው በሩ ተበረገደ።

ጎረቤታችን እትዬ ካሳነሽ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ገቡ። ከኋላቸው ባላቸው አያ ባምላኩ፣ አንድ እግር ጫማ ብቻ አድርገው። ከዚያ ሁለት የማላውቃቸው ሴቶች።

«እታለሜ! ምን አገኘብኝ እታለሜን!» እትዬ ካሳነሽ ደረታቸውን መቱ።

«ኧረ ማንም አልሞተም!» ብዬ ድምፁን አቆምኩት።

«ታዲያ ኡኡ ያለው ማነው?» አሉ አያ ባምላኩ። «ከወፍጮ ቤቱ ማዶ ሰምቼ ነው የሮጥኩት።»

«ኡኡታ አይደለም አያ። እልልታ ነው፤ አዘግይቼው ነው።»

አያ ባምላኩ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «ይቺን ልጅ ባሕር ዳር ምን አስተምረው ነው የላኩብን?»

ማስረዳት ጊዜ ማባከን ነበር። ያልተነካውን ቅጂ ከፈትኩላቸው። እትዬ ካሳነሽ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«የኔ ነው።»

«የእርስዎ?»

«የማን ሊሆን? በዚህ ሰፈር እንዲህ የሚያቀልጠው ማን አለ?» ፊታቸው በራ፤ ወዲያው ደግሞ ጠቆረ። «የሠርጓን እልልታ ነው ለቅሶ ያደረግሽው? ልጅቱ ምጥ እየጠበቀች? አጥፊው!»

«እትዬ፣ ድምፅ ነው እንጂ...»

«ሟርት ነው! በኔ ጉሮሮ አይሟረትባትም!»

እሺ ብዬ ሸኝቻቸው ልልከው እችል ነበር። ነገር ግን ድምፁ የተቀዳው ሰው ካልፈቀደ ሥራውን አይቀበሉም፤ ደንባቸው ነው። እሳቸው እንቢ ካሉ ደግሞ የምልከው ነገር የለኝም።

«የከፋዎት ለቅሶ ላይ መቅረቱ ነው?» አልኩ። «መልሼ ወደ እልልታ ባወጣውስ?»

«ከለቅሶ ወደ ሠርግ የሚሄድ መንገድ አለ?» አሉ አያ ባምላኩ።

«ዝም ይበሉ እስቲ፣ ታሳየን» አለች አንደኛዋ ሴት።

ቁጭ አልኩ። ስክሪኑ ላይ የፍጥነቱን መስመር ከታች ይዤ ወደ ላይ አጎበጥኩት፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ራሱ ፍጥነት እንዲመለስ። ለምን እስካሁን አላሰብኩትም? ከፈትኩት።

መጀመሪያ ያው ማቃሰት መጣ፤ አያ ባምላኩ ከበሩ መቃን ራቅ አሉ። ከዚያ ድምፁ መነሣት ጀመረ። ቀጠነ፣ ተሰነጣጠቀ፣ ከሞተሩ በላይ ወጣ፣ ምላስ ሲርገበገብ መሰማት ጀመረ፤ በድንገት ጥርት ያለ እልልታ ሆነ።

እትዬ ካሳነሽ አልቻሉም። እልልታ ተሰምቶ ሳይቀበሉ መቆም አያውቁበትም፤ የራሳቸውን ድምፅ ራሳቸው ተቀበሉት። ሴቶቹም ተከተሉ። ስልኬን አንሥቼ መቅጃውን ተጫንኩ። ክፍሉ ጠበበን!

«ይሄ ይሁን» አሉ እትዬ ካሳነሽ ትንፋሻቸው ተቆራርጦ። «ይሄን ላኪው። ለቅሶውን ብቻውን ከለቀቅሽ ግን ጉድሽ ነው። ስሜም ይጻፍ።»

«ከነአባትዎ እጽፈዋለሁ።»

አዲሱን ቅጂ ከመጨረሻው ጋር አጋጠምኩ፤ አንዴ በሙሉ ድምፅ አዳመጥነውና መላክ ጀመርኩ። ኔትወርኩ ይጎተታል። የመላኪያው መስመር ግማሽ ሲደርስ ውጭ ባጃጅ ቆመ፤ የእታለም ባል ጌታሁን እየሮጠ ገባ።

«ከመንገድ ሆኜ አሥር እልልታ ቆጠርኩ!» አለ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። «ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት! መንታ ናቸው አይደል?»

እትዬ ካሳነሽ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አያ ባምላኩ የጫማቸውን ሌላ እግር የሚፈልጉ ይመስል ወለል ወለሉን ያያሉ።

«የታሉ? እታለምስ?»

«ጌታሁን፣ አንድ ጊዜ...» አልኩ፤ ዓይኔን ከስክሪኑ አልነቀልኩም። ዘጠና። ዘጠና ስድስት። ሞላ። ሄደ!

ሳላስበው እልል አልኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው፤ እንደ ዶሮ ነው የጮህኩት።

ጌታሁን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«አሥራ አንድ?» አለ።