ዘይት በፎቶ አይታይም

ማዳም ኢንዓምን የካሎሪ ነገር የያዛት ልጇ ዩሱፍ የሠርጉን ቀን ከቆረጠ በኋላ ነው። ለሠርጉ ያዘጋጀችው ሰማያዊ ቀሚስ ወገቧ ላይ አልዘጋ አለ። ልብስ ሰፊው ወገቡን ልልቀቀው ቢላት፣ "ቀሚሱን እንዳትነካው፤ የምቀንሰው እኔ ነኝ" ብላ ተቆጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዐረብ አገር፣ ቨርደን ሰፈር ባለው አፓርታማዋ ሳይቆጠር የሚጎረስ ነገር ጠፋ።

ቤት ውስጥ ነገሩ ቀላል ነበር። የቤት ሠራተኛዋ ሀዲያ የምታበስለውን ሁሉ ትንሿ ሚዛን ላይ ታስቀምጣለች፤ ማዳም ቁጥሩን ስልኳ ላይ ትመዘግባለች፤ ኸላስ። ችግሩ ሐሙስ ነው። ማዳም ኢንዓም ሐሙስ ሐሙስ ሐምራ ሰፈር ካለ አንድ ምግብ ቤት ከጓደኞቿ ጋር ምሳ መብላት ከጀመረች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ይህን ምሳ ጦርነት አላስቀረውም፣ የመብራት መጥፋት አላስቀረውም፤ ሠርግም ሊያስቀረው አልቻለም። ምግብ ቤት ውስጥ ደግሞ ሚዛን የለም። አብሳዩ ጓዳ ሆኖ ስንት ማንኪያ ዘይት እንዳፈሰሰ የሚያውቁት እሱና አላህ ብቻ ናቸው።

ሀዲያም ታውቃለች። አምስት ዓመት ሙሉ ያንኑ ምግብ በእጇ ስትሠራ ኖራለችና።

ወደዚያ ምግብ ቤት የምትሄደው ማዳምን ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃው ላይ ክንዷን ለመያዝ ነበር። ከዚያ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቦርሳውን አቅፋ ትቀመጣለች። አንድ ሐሙስ ማዳም ዳቦ የተቆራረሰበትን ፋቱሽ ሰላጣ አዝዛ ስልኳን ስትጠይቀው "መቶ ሰማንያ ካሎሪ" አላት።

"ማዳም፣ ውሸቱን ነው" አለች ሀዲያ ሳታስበው።

"ማን?"

"ስልኩ።" ሀዲያ የሳህኑን ጠርዝ በሹካ ቀና አደረገችው። ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ተንሸራቶ ተጠራቀመ። "ይኸውልዎ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ። ዳቦውም በዘይት የተጠበሰ እንጂ ምድጃ ውስጥ የደረቀ አይደለም። ከስድስት መቶ አያንስም።"

የማዳም ጓደኞች ሳቁ። ማዳም ግን አልሳቀችም። በሀዲያ ግምት መሄድ ጀመረችና በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ኪሎ ቀነሰች። ከዚያ ወዲህ ከጠረጴዛው ዙሪያ አንዲትም ሴት ስልኳን አትጠይቅም። "ሀዲያን ጠይቋት" ይባባላሉ። እሷም ሳህኑን ቀና ታደርጋለች፣ የሳምቡሳውን ቂጣ በጣቷ ጫን ታደርጋለች፣ ቁጥሩን ትናገራለች።

ነገር የተበላሸው የማዳም የአመጋገብ ሐኪም አዲስ ምክር ስትጨምር ነው። "ምግብ ቤት ስትበዪ ሳህኑ እንደቀረበ ግማሹን ለዪና አስጠቅልዪው" አለቻት። ማዳም ኢንዓም ግን ፌስታል አንጠልጥላ በሐምራ አውራ ጎዳና አትሄድም። እና ግማሹ የት ይሂድ? ሀዲያ ሳህን ላይ።

ሁለት ወር ሙሉ ሀዲያ ያልመረጠችውን በላች። ግማሽ ሆሙስ በላች፣ ግማሽ የበግ ምላስ በላች፣ በሮማን ጭማቂ የተቀባ ግማሽ ጉበት በላች፤ ጉበት ጣፋጭ ሆኖ አፏ ውስጥ ሲገባ እስካሁን ያንገፈግፋታል። አሳላፊው ሜኑ ሲያድል እሷን ይዘላታል። ማዳም በበኩሏ ግማሹን ገፋ ታደርግና "ብዪ ሐቢብቲ፣ እኔ እንዳልበላው" ትላታለች።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ የሀዲያ የሥራ ልብስ ጀርባው ላይ ተተረተረ። ማዳም መታጠቢያ ቤት ያለው ሚዛን ላይ አወጣቻት። አራት ኪሎ ጨምራለች።

"ያ ሀዲያ፣ ምን ነካሽ? ተዝረከረክሽ እኮ! ከዛሬ ጀምሮ ማታ ማታ ዳቦ የለም።"

ሀዲያ የሚዛኑን ቁጥር ቁልቁል አየችው። እያንዳንዱ ኪሎ ከየት እንደመጣ ታውቃለች። ከማዳም ወገብ የወረደው ሁሉ እሷ ወገብ ላይ ሰፍሯል። ከሚዛኑ ወረደች።

ማታ ክፍሏ ገብታ ፉርን ኤል ሸባክ ሰፈር ተቀጥራ ለምትሠራው ለአገሯ ልጅ ለፈሪሃ የድምፅ መልእክት ላከችላት። ፈሪሃም ወዲያው መለሰችላት።

"ኧረ አንቺ ልጅ፣ ዋ! እንዳትሳሳቺ። ማዳም ከነደዳት ወደ መክተብ፣ ወዳስቀጠረሽ ኤጀንሲ ትመልስሻለች፤ መክተቡ ደግሞ የት እንደሚወረውርሽ አታውቂም። ምን አለ አልሐምዱሊላህ ብለሽ ብትበዪው? እኔን ማን ምግብ ቤት ወሰደኝ!"

"ወላሂ ፈሪሃ፣ የምፈልገው አንድ ነገር ነው" አለች ሀዲያ። "እኔ የመረጥኩት ምግብ፣ ሙሉ ሳህን፣ እኔ ፊት። አንድ ቀን እንኳ። ከፈለገች ትመልሰኝ።"

ሐሙስ ደረሰ። እንደ ወትሮው አርፍዳ የመጣችው ከጓደኞቹ አንዷ፣ ማዳም ጂዜል ነበረች፤ ምላሷ ስለት ነው። ገና ሳትቀመጥ "እስቲ ሚዛናችን፣ ዛሬ ስንት ነን?" ብላ ሀዲያን ጠቀሰቻት።

ሀዲያ ሥራዋን ሠራች። ፈቴው፣ እርጎ የለበሰው የዳቦ ፍትፍት፣ ቀረበ፤ እርጎው ላይ የፈሰሰውን ቅቤ በማንኪያ ገለጥ አድርጋ "ሁለት ማንኪያ፣ ከስምንት መቶ አያንስም" አለች። ጉበቱ ቀረበ፤ "አራት መቶ ሃምሳ" አለች። ማዳም ኢንዓም ጉበቱን በቢላዋ ለሁለት ከፈለችና ግማሹን ገፋችላት።

ሀዲያ መልሳ ገፋችው።

"ምንድን ነው?" አለች ማዳም።

"የእኔ አይደለም፣ ማዳም።"

"ብዪ እንጂ፣ ያላ፣ ይቀዘቅዛል።"

"ይቀዝቅዝ።" ሀዲያ እጇን አነሳችና አሳላፊውን ጠራችው። "ሜኑ ስጠኝ፣ አሙር" አለችው እንደ ማዳሞቹ አቆላምጣ።

አሳላፊው ማዳምን አየ። ማዳም ሀዲያን አየች። "ሜኑ ምን ያደርግልሻል? ማንበብ አትችዪም!"

ሀዲያ ሜኑውን ከአሳላፊው እጅ ወሰደች። ገለጠችውና ጣቷን ከቀኝ ወደ ግራ እየነዳች ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ወሎ ውስጥ ሼኽ ሙሐመድጣሂር አለንጋ ይዘው ቁርአን ሲያስቀሯት የተማረችው የዐረብኛ ፊደል ነው፤ ቁርአን ላይ ያለ ሁሉ ሜኑ ላይም አለ። ሾርባውን ጨረሰች፣ ጥብሱን ጨረሰች፣ ዓሣው ላይ ስትደርስ ቆመች።

"ሰያዲዬ" አለችው አሳላፊውን። ሩዝ በዓሣ፣ ላዩ ላይ የጠቆረ ሽንኩርት። ለማዳም ስታበስለው አምስት ዓመት ሆኗታል፤ ካሎሪ ከመጣ ወዲህ ግን ለማዳም ሩዝ አይበሰልም።

"ሰያዲዬ ስንት ካሎሪ እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አለች ማዳም ኢንዓም፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ጥርሷን ነክሳ።

"አውቃለሁ። ወደ ዘጠኝ መቶ ነው። አንድ ፍሬ አላስተርፍም።"

"ዳቦ ከልክዬሽ ሳለ?"

"ማዳም፣ ማብሰል ሥራዬ ነው። ማጽዳት ሥራዬ ነው። ደረጃው ላይ ክንድዎን መያዝም ይሁን። የእርስዎን ግማሽ መብላት ግን ሥራዬ አይደለም። በላሁት፣ ወፈርኩ፤ ስወፍር ደግሞ ዳቦዬን ነጠቁኝ። ጉበቱን ካልፈለጉት አስጠቅልለው ይያዙት፤ ፌስታሉን እኔ እይዝልዎታለሁ።"

ማዳም ጂዜል በሳቅ ፈነዳች። "ያ ኢንዓም፣ ልጅቷ እኮ እውነቷን ነው፣ ያኒ! አንቺ እንድትከሺ እሷ ትፈንዳ?"

"አንቺ ዝም በዪ፣ ሲል ቩ ፕሌ!" አለቻት ማዳም ኢንዓም በፈረንሳይኛዋ።

ሰያዲዬው መጣ። ሀዲያ ሳህኑን ቀና አላደረገችውም፣ ሽንኩርቱንም አልገለጠችም። ቢስሚላህ ብላ በላች፤ ቀስ ብላ፣ እየጣማት። ማዳም ኢንዓም ትኩር ብላ እያየቻት ሹካዋ ግማሹ ጉበት ላይ አረፈ፤ አንዴ ወሰደ፣ ደገመ፣ ሳህኑ ባዶ ሆነ። ስልኳን አነሳችና እንደ ልማዷ፣

"ስንት ሆነ?" አለች።

"የበሉት እርስዎ ነዎት" አለች ሀዲያ።

በሰርቪስ ታክሲ ተመለሱ። ማዳም የተናገረችው የቤቱን በር ከፍታ ከገባች በኋላ ነው። "ከሚመጣው ሐሙስ ጀምሮ ቤት ትቆያለሽ።"

"ኦኬ፣ ማዳም።"

የዚያን ዕለት ማታ ሀዲያ ወጥ ቤት ቆማ ዳቦ ቆረሰች። ማዳም ለውሃ ገብታ አየቻት። ሀዲያ ዳቦውን አልደበቀችም። ማዳም ብርጭቆዋን ሞልታ ወጣች። መክተብ የሚለው ቃል በዚያ ቀን አልተነሳም፤ በማግስቱም አልተነሳም። ሀዲያ ግን ልብሷን አጣጥፋ ሻንጣዋን አልጋው ሥር አዘጋጅታለች፤ ሳምንቱን ሙሉ በር በተንኳኳ ቁጥር ወደዚያው ታይ ነበር።

ሐሙስ ማዳም በማዳም ጂዜል ክንድ ተደግፋ ወጣች። ሀዲያ ለራሷ ምስር በሩዝ ሠራች፣ ሽንኩርት አጠቆረችበት፤ ለወትሮው ቆማ ነበር የምትበላው፤ ዛሬ ግን የወጥ ቤቱን ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሁለተኛ ጉርሻዋ ላይ ስልኳ ተንቀጠቀጠ። የፈቴ ፎቶ ነው። ከሥሩ የማዳም ድምፅ ተከትሏል፤ "ስንት ነው?"

ሀዲያ ፎቶውን አየችው። እርጎው ሁሉንም ነገር ሸፍኖታል። ከዚህ ቀደም ለማዳም በድምፅ እንጂ በጽሑፍ መልሳ አታውቅም። ዛሬ በዐረብኛ ፊደል ጻፈችላት፤ "ዘይት በፎቶ አይታይም።"

ሌላ ፎቶ መጣ። ሳህኑ ዘንበል ብሏል፤ ግማሹን የሸፈነው የማዳም ጂዜል አውራ ጣት ነው። "ያላ ሐቢብቲ፣ በግምት። ለሠርጉ አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረው።"

"ሳህኑ ፊቴ ካልሆነ አልገምትም" ብላ ጻፈች ሀዲያ። ስልኩን ደፍታ መብላቷን ቀጠለች።

ሀዲያ ሳህኗን ጨርሳ በዳቦ እየጠረገች ሳለ ሦስተኛው መልእክት ገባ። ገለበጠችው። ድምፅ የለውም፣ ጽሑፍ የለውም። የሜኑው ፎቶ ብቻ ነው፤ ዓሣ ያለበት፣ ሀዲያ ሰያዲዬን የመረጠችበት ገጽ።

ሀዲያ እጇን ታጠበች፣ አደረቀች፤ ፎቶውን በሁለት ጣቷ አሰፋችና ከላይ፣ ከቀኝ ጀምራ እስከ መጨረሻው መስመር አነበበችው። አልቸኮለችም። ከዚያ እንዲህ ብላ ላከች፤

"ዛሬ በልቻለሁ። ለሚመጣው ሐሙስ ሰያዲዬ፤ ሙሉ ሳህን።"

የፈቴውን ቁጥር አልጻፈችላትም።